ከአጋፋሪ እስከ ባውንሰር

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ተዳረ። ሠርጉ አልቆ፣ መልሱ አልቆ፣ ቅልቅሉም አልቆ እፎይ ብዬ ቤቴ ልገባ ስል፣ "ጋሼ፣ ዛሬ ማታ ከእኛ ጋር ካልወጣህ አገባሁ አልልም" ብሎ ድርቅ አለብኝ። ሙሽራ አይቀየምም። ሄድኩ።

ቦሌ አካባቢ ካሉት ጭፈራ ቤቶች አንዱ በር ላይ ተሰልፈን ተራችን ደረሰ። ጥቁር ቲሸርት የለበሰ፣ ክንዱ የኔን ጭን የሚያህል ጎረምሳ መዳፉን ደረቴ ላይ አሳረፈና፣ "ፋዘር፣ አንዴ" አለኝ። አልገፋኝም፤ አልጮኸብኝም። ማሳረፍ ብቻ ነው።

"ምነው ልጄ?"

"ጫማ።"

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁት። ሪህ ስላለብኝ የማደርገው ሰፊ ሸራ ጫማ ነው። ለካ በስኒከር አይገባም! የእህቴ ልጅ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ጓደኞቹም "ሠርገኛ እኮ ነን!" እያሉ መንጫጫት ጀመሩ። አንዱ ደግሞ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ አየሁት። "ተዉት፣ እናንተ ግቡ፣ እኔ እዚሁ ነፋስ እቀበላለሁ" ብዬ ገፍቼ አስገባኋቸው። ጎረምሳው ሳልቆጣ በመቅረቴ ሳይገርመው አልቀረም። የፕላስቲክ ወንበር አምጥቶ ግድግዳው ሥር አስቀመጠልኝ።

ያልተቆጣሁበት ምክንያት አለኝ። ያቺን መዳፍ አውቃታለሁ። ለንደን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2009፣ ለሰባት ዓመታት የኔ መዳፍ ነበረች።

ይህንን እስከ ዛሬ ብዙ ሰው አያውቅብኝም። ለእናቴ "ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው" ነበር የምላት። ነፍሷን ይማርና "ታዲያ ምነው ሌሊት ሌሊት?" ትለኝ ነበር። ለጓደኞቼ ደግሞ "ሴኩሪቲ" ነበርኩ። "ባውንሰር ነኝ" የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ሥራው አሳፍሮኝ ይሁን፣ ወይስ ሥራው ላይ የሠራሁት ነገር አሳፍሮኝ፣ ወደ በኋላ አንባቢ ይፍረድ።

* * *

ባውንሰር የሚባለው ነገር ትናንት ከቦሌ የበቀለ ይመስለናል። ነገር ግን ለደጅ የኛን ያህል ቦታ የሰጠ ቋንቋ ያለ አይመስለኝም። ከታላላቅ የጦር ማዕረጎቻችን አንዱ ደጃዝማች ነው። ሹመት ፈላጊው ደጅ ይጠናል። ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም አላት፤ በማዕረጎቿም ውስጥ አፃዌ ኆኅት፣ ማለትም ደጅ ዘጊ፣ የሚባል አለ። ቤተ መንግሥቱም እልፍኝ አስከልካይ ነበረው። ስሙን ልብ በሉልኝማ! እልፍኝ "አስገቢ" አላሉትም፤ "አስከልካይ" እንጂ። የሥራው ፍሬ ነገር መከልከል መሆኑን አባቶቻችን አልደበቁም።

ከሁሉም ግን ለኔ ሥራ የሚቀርበው አጋፋሪው ነው። የምኒልክን ግብር ያዩ የውጭ ሰዎች የጻፉትን ያነበበ ያውቀዋል። በአዳራሹ በሺህ የሚቆጠር ሰው በተራ በተራ ይበላል፣ ይጠጣል። መጀመሪያ መኳንንቱ፣ ቀጥሎ በየማዕረጉ፣ በመጨረሻ ተራው ወታደር። ያንን ሁሉ የራበው፣ የጠጣ፣ የታጠቀ ሰው በሥርዓት የሚያስገባውና የሚያስወጣው አጋፋሪ ነው። በእጁ ዘንግ ይኖራል፤ ግን ዘንጉ ብቻውን የትም አያደርሰውም። ማን ከማን እንደሚቀድም፣ ማን ከማን ጋር ቂም እንዳለው፣ የትኛው የባላገር ልብስ የለበሰ ሰው የጌታ ዘመድ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ሸማውን አይቶ የመለሰው ሰው ነገ ሹም ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እኔ ጫማ ነው ያጣራሁት፤ እሱ የአገር ትውልድ ያጣራ ነበር።

አጋፋሪው ፍትሐዊ ነበር እያልኩ አይደለም። ደጅ ጥናት ስንቱን ጎበዝ ደጅ ላይ አስረጅቶታል። መማለጃ የሚለው ቃልም በረኛ ባለበት ሁሉ የሚጠፋ ቃል አይደለም። አንድ ነገር ግን ነበረው፤ ስም። ሰውየው የማን አጋፋሪ እንደሆነ፣ ማን እንደሾመው ይታወቃል። ተገፍቶ የተመለሰ ሰው "እገሌ መለሰኝ" ማለት ይችላል። አቤቱታው ይሰማለት አይሰማለት ሌላ ጉዳይ ነው።

ከተማው ሲሰፋ ደጁ ለዘበኛ ተላለፈ፤ ካፖርት፣ ዱላ፣ ሲከፋም አሮጌ ምንሽር። የመጠጥ ቤቱን በር ግን ዘበኛ እንኳ የያዘው አይመስለኝም። አባቴ የውቤ በረሃን ዘመን ሲያወጋን፣ ሰካራሙን ከቤቷ የምታስወጣው ራሷ ኮማሪቷ እንደነበረች ነው የሚነግረን። አንዳንዷ በምላሷ፣ አንዳንዷ በምራጭ።

ቀጥሎ ደግሞ ደርግና ሰዓት እላፊ መጡ። ያኔ የጭፈራ ቤት በረኛ ሥራ ማስገባትም ማስወጣትም ሳይሆን ማሳደር ሆነ። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ የገባ ገባ፤ ከዚያ በሩ ይቆለፋል፤ ሙዚቀኛውም ጨፋሪውም እዚያው ያነጋል። በ1980 ዓ.ም. ግድም፣ ሃያ ዓመት ሲሞላኝ፣ አንድ ሌሊት እንደዚያ አድሬያለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የጨፈርኩበት ቀን የለም። በሩ ተቆልፎ ቁልፉ በዘበኛው ካፖርት ኪስ ውስጥ ነበር። ዘበኛው ደግሞ ከውጭ በኩል፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተኝቷል። ውስጥ ሁለት መቶ የምንሆን ሰዎች ሲጋራ እያጨስን ነበር። ስለ እሳት ያሰበ አልነበረም፤ እኔም አላሰብኩም። ያቺ ቁልፍ ትዝ ያለችኝ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ ሌላ አገር ውስጥ ነው።

* * *

እንግሊዞች ይህን ሥራ ድሮ "ቸከር አውት" ይሉት ነበር፤ ወርውሮ አውጪ እንደማለት። ባውንሰር የአሜሪካኖች ቃል ነው፤ ሰውን እንደ ኳስ የሚያነጥር። ሁለቱም ቃላት ስለ ማውጣት እንጂ ስለ መጠበቅ አይናገሩም። እኔ ስቀጠርም ያው ነበር። የክበቡ ሥራ አስኪያጅ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና፣ "ነገ ጥቁር ልብስ ለብሰህ ና" አለኝ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ቁመቴ አንድ ሜትር ከዘጠና ነው፤ ሌላ የጠየቀኝ ነገር የለም። ደመወዜ በእጅ፣ በየሌሊቱ። ስሜን እንኳ በትክክል መጥራት አልቻለም፤ "ቢግ ማን" ነበር የሚለኝ። በዚያ ዘመን አንዳንድ ማዘጋጃ ቤቶች በረኞችን የሚመዘግቡበት የራሳቸው ደንብ ነበራቸው፤ የኛ ሰውዬ ግን ለወረቀት ደንታ አልነበረውም።

ሕግ ይውጣ የሚለው ክርክር ከኔ በፊት የጀመረ ነው። በ1990ዎቹ በበርካታ የእንግሊዝ ከተሞች የጭፈራ ቤት በሮችን የወሮበላ ቡድኖች ይዘዋቸው ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በሩን የያዘ ውስጡን ይይዛል። ማን ዕፅ ይዞ እንደሚገባና ማን እንደማይገባ የሚወስነው በረኛው ነውና። በ1995 ኤሴክስ ውስጥ አንዲት ልጅ 18ኛ ዓመት ልደቷን ስታከብር በዋጠችው የኤክስታሲ እንክብል ሞተች። አገሩ ሁሉ አለቀሰላት። እንክብሉ የተገኘው ባዝልደን ከሚባል ከተማ፣ በሩ በእንዲህ ዓይነት ሰዎች እጅ ከነበረ ክበብ ነበር። ሕጉ እስኪወጣ ግን ስድስት ዓመት ፈጀ። በ2001 የግል ጥበቃ ኢንዱስትሪ ሕግ ጸደቀ፤ በ2003 ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በእንግሊዝና በዌልስ ያለ ፈቃድ በር ላይ መቆም ወንጀል የሆነው ደግሞ ከሚያዝያ 11 ቀን 2005 ጀምሮ ነው። ፈረንጅ ፈጣን ነው የሚል ካለ ይህን ያስታውስ።

እኔ ታዲያ በዚያች ክፍተት ውስጥ ነው የሠራሁት። ሕጉ አለ፤ ግን ገና አልደረሰም።

በየካቲት 2003 አንድ ቀን ማታ ሥራ ስንገባ ባልደረቦቼ ስለ ቺካጎ ያወራሉ። "ኢ-ቱ" በሚባል ጭፈራ ቤት የካቲት 17 ለሊት ጠብ ተነሣ። ጥበቃዎቹ ጠቡን ለመበተን በርበሬ የሚረጭ ጋዝ ተጠቀሙ። ክበቡ ፎቅ ላይ ነው። ሕዝቡ ትንፋሽ አጥሮት፣ ምን እንደተረጨ ሳያውቅ ወደ አንዷ ደረጃ ተንጋጋ። ከታች የወደቀው ላይ ሌላው እየወደቀ 21 ሰው ሞተ። ያ ፎቅ እንዲዘጋ ፍርድ ቤት ካዘዘ ወራት አልፈው ነበር። የኛ አለቃ፣ ጋናዊ ነው፣ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ጋዜጣውን አጥፎ "ጠቡ ማንንም አልገደለም፤ የገደለው መፍትሔው ነው" አለ። እኔ ያቺን በዘበኛው ካፖርት ኪስ ያደረች ቁልፍ አስታወስኩ። አስታውሼም ምን አደረግሁ? ምንም። በሩ ላይ ቆምኩ።

ከዚያ ወር እንኳ ሳይሞላ የሆነውን ልንገራችሁ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም ነው። አንድ ወጣት፣ ሃያ ሁለት ቢሆነው ነው፣ ባር ላይ ብርጭቆ ሰበረ። ሁለት ሆነን ይዘን ልናወጣው ስንል ተፈራገጠ፤ አንዱን ባልደረባዬን በክርኑ አፍንጫውን መታው። ደም ሲታይ ነገር ይለወጣል። የኋላ ኮሪደር ላይ በደረቱ አስተኛነው። እኔ ጉልበቴን ጀርባው ላይ አደረግሁ፤ ሌላው እግሩን ያዘ። ይጮሃል፣ ይሳደባል፣ ይፈራገጣል። ትንሽ ቆይቶ ስድቡ ቀነሰ። ከዚያ መፈራገጡ ቆመ። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? "ተረጋጋ" አልኩ! በኩራት ነው ያልኩት። ፖሊስ እስኪመጣ እንዲሁ ልይዘው ነበር።

ጋናዊው አለቃችን ከፊት በር መጥቶ አየንና ጮኸ። ያን ያህል ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ከላዩ ገፍትሮ ጣለኝና ልጁን በጎኑ ገለበጠው። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም፤ ከዚያ አንድ ረጅም ትንፋሽ ሳበ፤ አስመለሰውም። አምቡላንስ መጣና ወሰደው። ተረፈ፤ ይህን አውቃለሁ፤ አለቃችን ደውሎ ጠይቋል። ስሙን ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱም የኔን አያውቅም። ማን ጀርባው ላይ ተቀምጦ እንደነበር ቢጠየቅ "አንድ ትልቅ ጥቁር ሰው" ከማለት በቀር ምን ይላል? ሥራ አስኪያጁ ኮሪደሩን አሳጥቦ፣ "ዛሬ ምንም አልተፈጠረም" ብሎ በእጃችን ገንዘባችንን ሰጠን። የተጻፈ ነገር የለም። በማግስቱ ሥራ ገባሁ።

እዚህ ላይ አንባቢዬ "ደግ አደረግህ፣ ብርጭቆ የሰበረ እሱ" ቢለኝ አልቀበልም። በዓመቱ፣ ጥር 2004፣ ዴቪድ ሁክስ የሚባል ታዋቂ የአውስትራሊያ ክሪኬት ተጫዋችና አሠልጣኝ በሜልበርን ከተማ ከአንድ መጠጥ ቤት ደጅ ላይ ባውንሰር በቡጢ መትቶት ወደቀ፤ ራሱን ተመታና በማግስቱ ሞተ። ባውንሰሩ ተከሶ በ2005 ነፃ ወጣ። ነፃ ወጣም አልወጣም፣ ሰውየው አልተመለሰም። ዜናውን የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። እጄን ኪሴ ከተትኩ።

* * *

በ2005 መጀመሪያ ሥልጠና ገባሁ፤ አራት ቀን። ከሱቅ በላይ ያለች ክፍል፣ ናይጄሪያዊ፣ ሶማሌ፣ ፖላንዳዊ፣ አንድ የጎንደር ልጅ፣ ሁለት እንግሊዛዊት ሴቶች። አስተማሪያችን ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነበር። መጀመሪያ ያለን ነገር ክፍሉን ጸጥ አሰኘው፤ "ይህ ባጅ ከማንኛውም መንገደኛ የበለጠ ምንም ሥልጣን አይሰጣችሁም" አለ። እውነቱን ነው። የ1967ቱ የወንጀል ሕግ ማንም ሰው ወንጀልን ለመከላከል ሁኔታው የሚፈቅደውን ተመጣጣኝ ኃይል እንዲጠቀም ይፈቅዳል። ለበረኛ የተለየ አንቀጽ የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሥልጣን አለኝ ብዬ ነበር የቆምኩት። ለካ የነበረኝ ቁመት ብቻ ነው።

ስለ ዕፅ፣ ስለ ፍተሻ፣ ስለ እሳት፣ ስለ አድልዎ ሕግ፣ የተቆጣ ሰው እንዴት እንደሚያናግሩት ተማርን። እኔ ግን አራቱንም ቀን አንድ ነገር እስኪነሣ እየጠበቅሁ ነበር። አልተነሣም። በመጨረሻው ቀን እጄን አወጣሁና፣ "ሰውን መሬት ላይ አስተኝቶ ስለ መያዝስ?" አልኩ። አስተማሪው ትንሽ አየኝ። "እሱ በኮርሱ ውስጥ የለም" አለኝ። በእረፍት ሰዓት ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ፤ በደረቱ ተደፍቶ ከላዩ ክብደት ያረፈበት ሰው ሳንባው ሊሰፋ ስለማይችል ይታፈናል። የሚፈራገጠው ሊመታህ ላይሆን ይችላል፤ አየር ፍለጋ ነው። ጸጥ ሲል ተረጋጋ ማለት አይደለም።

ሰውን በአካል ስለ መያዝ የሚሰጠው ሥልጠና ግዴታ የሆነው በ2010 ነው። እኔ ሥራውን በለቀቅሁ በዓመቱ። የመጀመሪያ እርዳታ ደግሞ ከ2021 ወዲህ። አንዳንድ ጊዜ ደረጃ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚወጣ ሳስብ፣ እያንዳንዷ መስመር ከኋላዋ አንድ ኮሪደር ያላት ይመስለኛል።

ባጁ መጣ። ፎቶዬና አሥራ ስድስት አሃዝ ያለው ቁጥር፤ ክንድ ላይ የሚታሰር። በመጀመሪያው ሳምንት ለስካር ብዬ የመለስኳት አንዲት ልጅ ስልኳን አውጥታ ቁጥሬን መጻፍ ጀመረች። ደነገጥኩ። "ምን ልታደርጊ ነው?" ስላት "ገና አላሰብኩበትም" አለችኝ። ምንም አላደረገችም። እኔ ግን ከዚያ ማታ ጀምሮ ድምፄ ዝቅ አለ። "ይቅርታ" የሚለውን ቃል ማዘውተር ጀመርኩ። ጨዋ ስለሆንኩ አልነበረም፤ ስም ስላለኝ ነው። ከባልደረቦቼም አንዳንዶቹ በዚያው ሚያዝያ እንደ ጉም ተነኑ። የወንጀል መዝገባቸው ስለሚታይ ማመልከቻ እንኳ አላስገቡም። ከነሱ አንዱ በጣም የምወደው ሰው ነበር።

* * *

ታዲያ ባጅ ሲመጣ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ ባወራ ዋሸሁ።

ታኅሣሥ 15 ቀን 2022 በለንደን ብሪክስተን አካዳሚ የናይጄሪያዊው ዘፋኝ አሳኬ ኮንሰርት ነበር። ትኬት የሌለው ብዙ ሕዝብ ወደ በሩ ገፋ። በግፊያው ሁለት ሰዎች ሞቱ። አንዷ የ33 ዓመት ታዳሚ ነበረች፤ ሌላው ሟች እዚያው በጥበቃ ሥራ ላይ የነበረ የ23 ዓመት ሰው ነው። በወሩ ቢቢሲ አንድ የጥበቃ ሠራተኛን ጠቅሶ፣ ከጥበቃዎቹ አንዳንዶቹ ገንዘብ እየተቀበሉ ትኬት የሌለውን ያስገቡ እንደነበር ዘገበ። መማለጃ ከነባጁ! አዳራሹ ተዘግቶ ቆይቶ በ2024 የተከፈተው 77 ቅድመ ሁኔታዎች ተቀምጠውለት ነው።

ከሁሉም የሚቆረቁረኝ ግን የማንችስተሩ ነው። ግንቦት 22 ቀን 2017 ከኮንሰርት በኋላ አጥፍቶ ጠፊው ቦምብ አፈንድቶ 22 ሰው ገደለ፤ ብዙዎቹ ልጆችና ወጣቶች ነበሩ። በኋላ በተካሄደው ይፋዊ ምርመራ በዚያች ሌሊት የ18 ዓመት ልጅ የነበረ የጥበቃ ሠራተኛ ቀርቦ መሰከረ። ቦርሳ የያዘው ሰውዬ ከንክኖታል። በሬዲዮ ለአለቆቹ ሊነግር ሞከረ፤ መስመሩን አላገኘውም። ቀርቦ ሊያናግረው ደግሞ ፈራ። ተሳስቼ ቢሆንስ? ዘረኛ ቢሉኝስ? የምርመራው የመጀመሪያ ቅጽ በ2021 ሲወጣ ያመለጡት ዕድሎች አንድ በአንድ ተዘርዝረው ነበር።

ብዙ ሰው በዚያ ልጅ ላይ ፈርዷል። እኔ አልቻልኩም። ስንት ሌሊት ጥቁር ልጆችን ብቻ እየመረጡ የሚፈትሹ ባልደረቦች አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ያም በር ጥበቃ ተብሎ ደመወዝ ይከፈልበት ነበር። በዚህኛው በኩል ደግሞ አንድ ልጅ መሳሳትን ፈርቶ ዝም አለ። በጨዋነት ጠግቶ "ጤና ይስጥልኝ፣ ልርዳዎት?" ማለትና ተሳስቶ ቢገኝ "ይቅርታ" ብሎ መመለስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ይህን ደግሞ የ18 ዓመት ልጅ ከራሱ አይወልደውም፤ ማስተማር ያስፈልጋል። ሬዲዮው ሲጠራም የሚመልስ አለቃ ያስፈልጋል። ከዚያ ሐዘን የተነሣ እንግሊዝ በሚያዝያ 2025 አዲስ ሕግ አወጣች። ሁለት መቶና ከዚያ በላይ ሰው የሚይዝ ቦታ ሁሉ ጥቃት ቢደርስ እንዴት እንደሚያስወጣ፣ እንዴት እንደሚዘጋ አስቀድሞ እንዲያቅድ ያስገድዳል። ሥራ ላይ እንዲውል ቢያንስ የሁለት ዓመት መዘጋጃ ተሰጥቶታል። ተቆጣጣሪው ያው የኔን ባጅ የሰጠኝ ባለሥልጣን ነው።

* * *

የፕላስቲክ ወንበሬ ላይ ሆኜ ጎረምሳውን ስመለከተው አመሸሁ። ጎበዝ ነው። ሴቶቹን ሴት ፈታሽ ታያቸዋለች፤ ወንዶቹን እሱ ይዳስሳል። ፍተሻ ለኛ አዲስ አይደለም። በ1988 ዓ.ም. በጊዮንና በዋቢ ሸበሌ ሆቴሎች ቦምብ ከፈነዳ ወዲህ በየሕንፃው እጃችንን ወደ ላይ ማንሣት ለምደናል፤ እንዲያውም ሳይፈትሹን ሲቀሩ ቅር ይለናል። ልጁ ሰካራሙን "ወንድሜ፣ ነገ በደንብ ትጫወታለህ" ብሎ ሸኘው። ማንም ያላስተማረው ትዕግሥት ነው።

ጭር ሲል ወግ ጀመርን። ለንደን የሠራሁትን ነገርኩት፤ አላመነኝም፤ ሪሄን እያየ ሳቀ።

"እንዴት ተቀጠርክ?" አልኩት።

"ጂም ነው ያዩኝ።"

"ሥልጠናስ?"

"የምን ሥልጠና ፋዘር? እዚሁ ነው የለመድኩት።"

ባለፈው ዓመት በጠርሙስ ተመትቶ ቅንድቡ ተሰፍቷል፤ ጠባሳውን አሳየኝ። የታከመው በራሱ ኪስ ነው። ውል አለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። ጥቁሩ ቲሸርት ላይ ከጀርባው "ሴኩሪቲ" ይላል፤ ስም የለውም፤ ቁጥር የለውም። ስሙን ጠየቅሁትና ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ እንጀራው ነው።

"ሰው መሬት ላይ ይዘህ ታውቃለህ?"

"ስንቴ!"

"ጸጥ ሲልስ?"

"ሲረጋጋ እለቀዋለሁ።"

ያኔ የኮሪደሩን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወጋሁት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ሲጨርስልኝ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ መንገዱን አየ። ሙዚቃው ግድግዳውን ያነዝረዋል። ውስጥ የእህቴን ልጅና አዲሷን ሙሽራ ጨምሮ ሦስት መቶ ሰው ሳይኖር አይቀርም።

"ይሄ ቤት የኋላ በር አለው?" አልኩት።

"አለው።"

"ክፍት ነው?"

"ሳይከፍሉ እንዳይገቡ ይቆለፋል።"

"ቁልፉ ማን ጋ ነው?"

አሰበ። "ማናጀሩ ጋ… መሰለኝ።"

"ማናጀሩስ?"

"ዛሬ አልገባም።"

ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ ማዶ የነበረውን ባልደረባውን በፉጨት ጠራው። "በሩን አንዴ ያዝልኝ" አለውና፣ በሰዉ መሐል እየተጋፋ ወደ ውስጥ ገባ።